ለሞተሩ ሽቦ ናስትሮ ስመርጥ

ባሌን ለመምረጥ አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቶኛል። የመኪናዬ ሞተር ሽቦ የሚጠቀለልበትን ናስትሮ ለመምረጥ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ይህን ለሰው ስናገር ልጄ «አባዬ ቢሰማሽ ይስቅ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይስቅ ነበር። እሱ በሳቅ የሚያልፈውን ነገር እኔ በንዴት ነው የማልፈው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን የኖርነውም በዚሁ የሥራ ክፍፍል ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሰው ቁስል ሳጥብና ሳሽግ ፀጉሬ ሸበተ። እስካሁን በሰፈሩ «ሲስተር» ብሎ የሚጠራኝ እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ባሌ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የተወልኝ አንድ ቤት፣ አንዲት ልጅና አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ነው። ቤቱ አያስቸግርም። ልጄ አግብታ አስኮ ትኖራለች፤ ብታስቸግርም በስልክ ነው። መኪናዋ ግን ከልጄም ከቤቱም በላይ ጠባይ አላት።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እሱ ከሞተ በኋላ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የሚያስተምረኝ ሰውዬ ገና ከመጀመሪያው ቀን «ማዘር፣ ግራ እግርዎ ቸኩሏል፤ ፍሪሲዮን ቀስ ተብሎ ነው የሚለቀቀው» ይለኝ ነበር። እኔም «ማዘር አትበለኝ» እለው ነበር። እሱም አልተወኝ፣ እግሬም አልተወኝ። ሆኖም በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ያን ቀን መኪናዋን አጥቤ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ፣ ብቻዬን በሰፈሩ ዞርኩ። ከቀብሩ በኋላ «እንዴት ነሽ፣ ጽናቱን ይስጥሽ» ያላለኝ የመጀመሪያው ነገር ያቺ መኪና ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘሁ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ፕሮግራም አለ፤ ከጦር ኃይሎች ወዲያ ማዶ ነው። ከሰፈሬ ሦስት እናቶችን ይዤ እሄዳለሁ። አንዷ ጉልበቷ ደክሟል፣ አንዷ ዓይኗ፣ አንዷ ጆሮዋ። ሦስቱ ተደምረው አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣቸዋል ብዬ እቀልድባቸዋለሁ፤ እነሱም አራተኛዋ እኔ መሆኔን ያስታውሱኛል፤ የኔ ደካማ ነገር ምላሴ ነው ይላሉ። በታክሲ ግፊያ የሚወጡ ሰዎች አይደሉም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ታቅፈው በየበራቸው ይጠብቁኛል።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጦር ኃይሎች መሐል መንገድ ላይ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አነጠሰችና ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ሁሉ ክላክሱን ነካው። አንዱ ወያላ በመስኮት ወጥቶ «ማዘር፣ ወይ ንጂው ወይ ሽጪው!» አለኝ። መልስ አላጣሁም ነበር፤ ከኋላ ወንበር ግን ጸሎት ተጀመረ።

«በኢየሱስ ስም ተነሺ!» አሉ ሦስቱም። ባትነሳ ጊዜ ጉልበት የሚያማትና ዓይን የሚያማት ወርደው፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ኮፈኑ ግሎ ስለነበር ሃሌ ሉያው መሐል ላይ «ውይ! ውይ!» ሆነ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ፤ ይቅጣን ወይስ ባርኔጣውን ያውልቅ ግራ የገባው ይመስል ነበር። ጆሮዋ የሚያማት ደግሞ ውስጥ ሆና፣ ሌሎቹ አሜን ካሉም በኋላ ብቻዋን ቀጥላለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ዝናቡም ሲያባራ፣ መኪናዋ እንዳልነበረች ሆና ተነሳች። እናቶቹ ምስጋናውን ለጸሎቱ ሰጡት። እኔም አልተከራከርኩም፤ በልቤ ግን አንድ የረጠበ ነገር ደርቆ ይሆናል ብያለሁ።

ቤቴ ሳልደርስ ወሬው አስኮ ደርሷል። ልጄ በማግስቱ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች። ደላላ አነጋግሬያለሁ።»

«የማንን መኪና ነው የምትሸጪው?»

«የአባዬን» አለችኝ።

ይህቺ ልጅ አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ሰው ማስቀመጥ ትችላለች። እኔ ነኝ የተቀመጥኩት። «ሦስት አሮጊቶች መሐል መንገድ ላይ ወርደው ሲጸልዩ አንድ መኪና ቢገጫቸው ምን ትያለሽ?» አለች። በዚህ ላይ ነርስ ሆኜ ምን እላለሁ? የመኪና አደጋ ቁስል ስንቱን አይቻለሁ። «የሚቀጥለው ረቡዕ አብሬሽ እሄዳለሁ። ፊት ነው የምቀመጠው» አለች። እሺ አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ፤ ቃሌን ደግሞ አላጥፍም።

ከሄደች በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩት። በስልክ የሚጠራ ታክሲ አለ፤ ልጄም እከፍልልሻለሁ ብላለች። ነገሩ ግን የመጓጓዣ አልነበረም። ያቺ መኪና ከሄደች ረቡዕ ረቡዕ በር ላይ ቆሜ ሰው የምጠብቅ እሆናለሁ እንጂ እኔን የሚጠብቀኝ ሰው አይኖርም። ይህን ሳስበው አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ከተናደድኩ ደግሞ ሥራ እጀምራለሁ።

ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን አሉ። ባሌም በሕይወቱ እሳቸው ጋ ነበር የሚሄደው፤ እሱ ራሱ አበላሽቶ አበላሽቶ ሲያቅተው። ኮፈኑን ከፍተው አጎነበሱ። የሞተሩን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘውን ጥቁር ናስትሮ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው ተጣብቆ ቀረ። ናስትሮው እንደ ቀለጠ ከረሜላ ሆኖ ማስቲሹ ወጥቷል፣ አቧራውና ዘይቱ ተለጥፎበታል። ጥቅሉ ወደ ታች በሚሰምጥበት ሆዱ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አደረጉት። ውኃ ጠብ አለ። ከዚያ ደገመ። ከዚያ መፍሰስ ጀመረ።

«ሲስተር፣ እዚህ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻላል» አሉኝ።

ሳቅ አልመጣልኝም፤ ምክንያቱም ያ ጥቅል የኔ ሥራ ነበር። ማለቴ በእጃቸው የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው፤ ትዕዛዙ ግን የኔ ነው። ከዓመት በፊት አይጥ ገብታ ሽቦውን ቆርጣብኝ ነበር። እሳቸው የተበላውን ሽቦ ቀጣጥለው ሲጨርሱ በጨርቅ ናስትሮ ላላ አድርገው ሊጠቀልሉ ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ጋሼ፣ ይሄ ቡትቶ ነው። የሚያብረቀርቀውን ያምጡ፤ ጥብቅ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ይዝጉት። እኔ ክፍት ቁስል አልተውም» አልኩ። ጥቁሩ ናስትሮ ሲጠቀለል እንደ አዲስ ጫማ ያበራ ነበር። ኮፈኑን እየከፈትኩ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ከላይ ሲያዩት ያበራል፣ ውስጡን ለቄስ አሉ! በላይ በኩል ዝናቡ ሰርጎ ገባ፣ በታች መውጫ አጣ፣ ከሥር ሞተሩ አፈላው።

«ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ? ያውቁ አልነበር?»

«ማወቁንማ አውቅ ነበር።»

«እና?»

ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። መዳፋቸው ላይ ሰፊ ያረጀ ጠባሳ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት የራዲያተር ፈላ ውኃ ገንፍሎ አቃጥሏቸው፣ አርባ ቀን ያህል እኔ ነኝ ያሸግኩላቸው። «ይሄን እጅ ያዳነች ሴት ያጥብቁ ስትለኝ አልሰማም ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ» አሉ።

ንዴቴ ገነፈለ። «ጋሼ፣ በሽተኛ ሐኪሙን አፍሮ ዝም ካለ እኮ ይሞታል!»

«እኔ መች ሞትኩ? የሞተችው መኪናዋ ናት» አሉና ሳቁ። ያኔ እኔም ሳቅኩ። አገራችን ውስጥ በይሉኝታ የተበላሸ ሽቦ ቢቀጣጠል ከዚህ ተነስቶ የት ድረስ እንደሚዘረጋ እንጃ።

እንዲህ ተስማማን። ሽቦው ደርቆ ይጸዳል፣ የላሸው ይቀየራል፤ ናስትሮውን ግን እኔ ገዝቼ አመጣለሁ። «ጨርቁን ነው የሚያመጡት፤ ሲቀደድ ድምፅ ያለውን» አሉኝ። ልጅቷ የሰጠችኝ ቀን ረቡዕ ነው። ያን ቀን ቅዳሜ ነበር።

ጦር ኃይሎች አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቁ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። «ማዘር ምን ልታዘዝ?» አለኝ፤ አለፍኩት። የጨርቅ ናስትሮ ስለው ሁለት ዓይነት አወጣ፤ አንዱ እንደ ብርድ ልብስ ጸጉር ያለው ለስላሳ፣ ሌላው ድርና ማጉ የሚታይ ጠንካራ ሽመና። ደግሞ ማስቲሽ የሌለው፣ ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ናስትሮ አሳየኝ። «ለሞተር የቱ ነው?» አልኩት። «ሁሉም ይሆናል» አለ። ሁሉም ይሆናል ያለ ሰው አንዱንም አያውቅም። ጋሼ «ጨርቁን» ብለዋል፤ ጨርቁ ግን ሁለት ሆኖ ተገኘ። ደግሞም ከዓመት በፊት ያለ ምርመራ መድኃኒት አዝዤ ምን እንዳደረግሁ አይቻለሁ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ፣ ጥቁሩንም የሚያብረቀርቅ ጨምሬ፣ አራት ጥቅል ይዤ ወጣሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት አሮጌ ማንኪያ አወጣሁና በአራቱ ናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ለንፍሮ ሽምብራ ጥጄ ነበር፤ ማንኪያዎቹን የሚፈላው ድስት ክዳን ላይ ደረደርኳቸው። በየሰዓቱ እየሄድኩ ትኩሳት እንደምለካ ሁሉ በጣቴ ነካ ነካ አደርጋለሁ። በዚህ መሐል ልጄ ደወለች።

«ምን እያበሰልሽ ነው እማዬ?»

«ናስትሮ።»

በጣም በለሰለሰ ድምፅ «በደንብ እየተኛሽ ነው?» አለችኝ።

ማታ ላይ ውጤቱ ታወቀ። የሚያብረቀርቀው ከማንኪያው ላይ ተንሸራቶ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ማስቲሹ እጄ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ሦስቱ ሙቀቱን ቻሉት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሦስቱን የሞተር ዘይት ውስጥ ነከርኳቸው፣ ቀጥሎም በሚስማር ጫርኳቸው። ጸጉራሙ ዘይቱን እንደ ጥጥ መጠጠው። ጋሼ በኋላ እንደነገሩኝ እሱ ለካ ለመኪናው ውስጥ፣ ሽቦ እንዳይንኳኳ ለማድረግ ነው። ጎማው ዘይቱን ቻለ፤ ሚስማሩ ግን አንድ ጊዜ ሲነካው እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ጠንካራው ሽመና ብቻ እንደነበረ ነበር። ስጎትተው አይለጠጥም፤ በእጄ ስቀደው ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ሲቀደድም «ጠርርር» ይላል። ያን ድምፅ ስሰማ ደስ አለኝ። የሥራ ዘመኔ ድምፅ ነው፤ የቁስል ፕላስተር ከጥቅሉ ላይ ሲቀደድ እንዲህ ነው የሚለው።

ማክሰኞ ጠዋት ከጋሼ ጋር አሮጌውን ማራገፍ ጀመርን። ጥቁሩን እየላጥን፣ እየጠረግን፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከሾፌሩ እግር ፊት ወዳለው ላሜራ ሄድን። እዚያ ጥግ እጅ በጭንቅ ነው የሚገባው። የኔ እጅ ቀጭን ስለሆነ እኔ አስገባሁ። ከላይ ያለውን ጥቁር ስልጥ ከሥሩ ነጭ ነገር ታየ። ነጭ ማለቴ ነጭ የነበረ፤ አሁን ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ መስሏል። ጣቴን ሳስኬደው መጨረሻው ላይ ትንሽ እጥፋት ነካሁ።

እጄ እዚያው ቀረ። እኔ ፕላስተር ስጨርስ ጫፉን አንድ ጣት ያህል አጥፌ ነው የምተወው፤ በማግስቱ ሲፈታ ጥፍር ይዞ እንዲስበው። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ባሌ አንድ ጊዜ እግሩ ወልቆ በየማለዳው ሳስርለት «ይቺን እጥፋት ለምን ትተያታለሽ?» አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ስኮትች እንኳ ሲለጥፍ ጫፉን እያጠፈ ይተው ነበር።

ፕላስተሩን አወቅኩት። በመቀጠልም ነገሩ ሁሉ መጣልኝ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አለኝ፤ በሰፈሩ ልጅ በወደቀ ቁጥር ወደኔ ነው የሚሮጠው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ጉልበቱ ተሰንጥቆ መጣ፤ ሣጥኑን ብከፍት አዲስ የገዛኋቸው ሦስት ጥቅል ፕላስተሮች የሉም። ልጄ በዚያ ሰሞን አሻንጉሊቶቿን በሽተኛ እያደረገች መጫወት ትወድ ነበር። አልጠየቅኩም፤ ፈረድኩ። ጭኗን ቆነጠጥኳት። ለገና ከሕፃናቱ መዘምራን ጋር መዝሙር ልታቀርብ አንድ ወር ተለማምዳ ነበር፤ እሱንም ከለከልኳት። «የት አደረግሽው?» ስላት ዝም አለች። «አልወሰድኩም» እንኳ አላለችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩት። ባሌ ያን ቀን ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አሁን ሳስበው ጋዜጣውን ገልብጦ ነበር የያዘው።

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ደንግጠው ውኃ ሊያመጡ ሲነሱ ያዝኳቸውና ነገርኳቸው። እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም። ሌባው ባሌ፣ የተቀጣችው ልጄ፣ ዳኛዋ እኔ። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ያጓደልኩት ፍርድ ኮፈን ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ጋሼ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው አዩት። «ሽቦው ከሥሩ ደህና ነው» አሉ። «ቦታው ደረቅ ነው፣ ከሙቀቱም ራቅ ይላል፤ ዕድለኛ ነበር። ጨርቅ መሆኑም ረድቶታል፣ ይተነፍሳል።»

«ይተውልኝ። ከላዩ ላይ አዲሱን እንጠቅልልበት» አልኳቸው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መዳፋቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሲስተር፣ አሁን እውነቱን ልናገር ወይስ ይሉኝታ ይያዘኝ?»

ገባኝ። «እውነቱን» አልኩ።

«አሮጌ ላይ አዲስ አይጠቀለልም፤ አምናም በችኮላ ከላዩ መጠቅለሌ ስህተት ነበር። ከሥር የላላ ነገር ካለ ከላይ ያለውም ይላላል። መውጣት አለበት።»

ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ ስንት ጊዜ አንስቻለሁ። ግን እንደዚያን ቀን ቀስ ያልኩበት ጊዜ የለም። እጥፋቷን ይዤ ሳብኳት። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ አሁንም ለጥፍር ትመቻለች። ፕላስተሩን ሳላፈርስ አወጣሁትና በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ጠቀለልኩ። ራሴ ነኝ የጠቀለልኩት፤ ጋሼ ቆመው ያያሉ። «ክንድ ሲታሰር ከየት ነው የሚጀመረው?» አሉኝ። «ከጣት ወደ ላይ።» «ይኸውም ያው ነው።» ከየሽቦው ጫፍ ጀምሬ ወደ ግንዱ መጣሁ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍናል። ማጥበቅ የለም፤ ክንድም ሆነ ሽቦ ከታነቀ ይሞታል። ጥቅሉ በሚሰምጥበት ሆዱ ላይ ክፍት ቦታ ተውኩ፤ ውኃ ቢገባም እንዲወጣ። ክፍት ቦታ መተው ለኔ ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ልሸፍነው እጄ ሄዶ መልሼዋለሁ። እኔ ችኩል ነኝ፤ እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለች ያሳደገችኝ ለዚህ ነበር። ያን ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጎንብሼ አልሮጥኩም። በየመጨረሻው ጫፉን አንድ ጣት አጠፍኩ። ጋሼ ይህን አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። «የቤተሰብ ፊርማ ነው» አልኳቸው።

ረቡዕ ዝናብ። ሌላ ምን ይጠበቃል? ልጄ በጠዋቱ ከአስኮ መጥታ ፊት ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆና። ሦስቱ እናቶች ከኋላ ገቡ። ነገሩን ያውቁ ስለነበር ከቤቴ በር ጀምሮ በሹክሹክታ እየጸለዩ ነው። ጆሮዋ የሚያማት ግን ሹክሹክታ አትችልበትም፤ «ጌታ ሆይ፣ ደላላውን አስረው!» ስትል ሁላችንም ሰማን። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

መኪናዋ ኩሬውን ሁሉ እየሰነጠቀች ወረደች። አላነጠሰችም፣ አልሳለችም። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ትራፊኩ እጁን ዘረጋና አቆመን፤ ልክ ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ። ማርሹን አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጬ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብቻችንን ስንሆን ልነግራት አስቤ ነበር። መጠበቅ አልቻልኩም። ሶፍቱን ከኪሴ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ፈታችው። ያን ሻይ የመሰለ ጨርቅ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን እጥፋት ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሽቦው ውስጥ አገኘሁት» አልኩ። «አባትሽ ነው የወሰደው። አንቺን ቀጣሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሲጠቀልል የእጅ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኛ።»

ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ከኋላ ያሉት ጸሎት አቁመዋል፤ የማትሰማዋ እንኳ አቁማለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እሱስ ለምን ዝም አለ?»

«አባዬማ በኋላ ሊነግርሽ ተነስቶ ነበር። እኔ ነኝ እጁን ይዤ አትንገራት ያልኩት።» ፕላስተሩን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምታወራው። «እሱን ስትቆጪው እኮ እማዬ፣ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ይቀዘቅዛል። እኔን ስትቆጪኝ ግን እስከ ማታ ትረሺዋለሽ። እኔ ብቀጣ ይሻላል ብዬ ነው።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዘጠኝ! እኔ ጎረቤቱን ሁሉ አክማለሁ ብዬ ስዞር፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት ሕፃን የኔን ንዴት እየለካች፣ ለማን እንደሚከብድ እያሰላች፣ ራሷ ትሸከመው ነበር። «የገና መዝሙርሽን አስቀረሁብሽ» አልኳት። «ይቅር በይኝ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ እኮ፤ ያኔ እስከ ማታ ነው የቆየብኝ እኔም» አለችና ዓይኗን ጠረገች።

ትራፊኩ እጁን አወዛወዘልን። አላየሁትም፤ ዓይኔ በእንባ ተሞልቷል። ከኋላ አንድ ክላክስ ሲጮህብኝ ደነገጥኩና ግራ እግሬ፣ ያ ችኩል እግሬ፣ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቀው። መኪናዋ እንደ ፈረስ አንድ ጊዜ ዘለለችና ቀጥ አለች።

ሞተሩ ጠፋ።

«ቆመች እንዴ?» አለች የማትሰማዋ፣ ጮክ ብላ።

ሦስቱም አንድ ላይ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ጀመሩ። ታክሲዎቹ ክላክሳቸውን ለቀቁት። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ልጄ ለመዞር ፈራሁ። ቃል ቃል ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመች ትሸጣለች ብላለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ እናም እንደ ተማሪ ውጤቴን እጠብቅ ነበር።

ልጄ ወደ እግሬ አጎንብሳ አየች። ቀና ብላም ኮፈኑን አየች።

«ይሄኛው አይቆጠርም» አለች። «የአባዬ መኪና ደህና ናት። የቸኮለው እግርሽ ነው።»

ቁልፉን አዞርኩ። ወዲያው ተነሳች። ከኋላችን ያለው ወያላ አሁንም የሆነ ነገር እየጮኸ ነበር፤ ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ መልሱን ሰጠችውና ፕላስተሩን በሶፍቱ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።